የደልጊ እናቶችና የጎደሉት ሦስት ወራት

በየዓመቱ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት ይከበራል። በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ በጣቁሳ ወረዳ፣ ያ ሳምንት የሚውለው እናቶች ከማሳ በማይጠፉበት ወቅት ነው። አረም ቀጠሮ አያከብርም፤ ዳጉሳውም በቆሎውም እጅ ይፈልጋል። በወረዳዋ ከተማ በደልጊ ደግሞ ጤና ጣቢያውም ባንኩም ጽሕፈት ቤቶቹም እንደወትሮው በሰዓታቸው ይከፈታሉ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ትምህርት ሳይቋረጥ ይሰጣል፦ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይጨመር። ትምህርቱ ትክክል ነው። ያልተመለሰው ጥያቄ፣ ትምህርቱን የምትሰማው ሴት፣ አንዳንዴም ራሷ የምታስተምረው ሴት፣ የተባለውን ትፈጽም ዘንድ ጊዜውን ማን ሰጣት የሚለው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ከእሱ ቀደም ብሎ የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ይህንኑ ልክ አስቀምጦ ነበር። ቀደም ባሉት ሕጎች ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ወር መጨመሩ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለዚህ የደከሙ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ስድስት ወር 180 ቀን ገደማ ነው። አንዱ የመንግሥት እጅ 180 ቀን አጥቢ ይላል፣ ሌላው የመንግሥት እጅ በ91ኛው ቀን ሥራ ግቢ ይላል። በመካከል የቀሩት ሦስት ወራት እናቲቱ እንደምንም ብላ እንድትሞላቸው ለብቻዋ ተትተዋል።

ይህ ክፍተት ጎልቶ የሚታየው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኞቹ ከየአካባቢያቸው የተመለመሉ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት። የገጠሩ እናት በሯን የምትከፍትላት ሴት ያስፈልጋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሐሳቡም ሠርቷል። እነዚህ ሴቶች ግን ወጣቶች ናቸው፤ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። በአራተኛው ወር ሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን አንግታ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ለሌላዋ አራስ ስለ እንገር ጥቅም፣ ስለ አጠባብ፣ ስለ ስድስት ወሩ ታስረዳለች። የራሷ ልጅ በዚያች ሰዓት በአያቱ እቅፍ ሆኖ እያለቀሰ ነው። ይህችን ሴት በተመለከተ «ግንዛቤ እንፍጠር» የሚባል ነገር የለም፤ ግንዛቤውን ለቀበሌው ሁሉ የምታድለው እሷ ናት።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ጡት ማጥባት በተነሳ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ ወደ እናቲቱ ዕውቀት ይሄዳል። አታውቅም፣ ባህል ይዟታል፣ ቸል ብላለች ይባላል። ከደልጊ ሩቅ ባልሆነችው በጎንደር ከተማ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ተቀጥረው የሚሠሩ እናቶችንና ያልተቀጠሩትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። ካልተቀጠሩት መካከል እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ያጠቡት ወደ ግማሽ ሲጠጉ፣ ከተቀጠሩት መካከል ግን ከአምስት አንዷ ገደማ ብቻ ነበረች። የተቀጠሩት በአብዛኛው የተማሩት ናቸው። ችግሩ የዕውቀት ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ በተቃራኒው ባደላ ነበር።

የአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ሌላ ነገር ያሳየናል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ነበሩ። ይህ አማካይ ቁጥር ግን ውስጡን ይደብቃል። እስከ አንድ ወር ዕድሜ ከመቶ 74፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከመቶ 64፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ሲደርስ ከመቶ 36። ቁልቁለቱ የሚመጣው ከሦስተኛው ወር ወዲህ ነው። የጥናቱ እናቶች አብዛኞቹ የገጠር ሴቶች መሆናቸውን ልብ እንበል፤ የወሊድ ፈቃድ የሚያበቃባቸው ደመወዝተኞች አይደሉም። ስለዚህ እናትን ከልጇ የሚለየው የቢሮ ፊርማ ብቻ ሳይሆን ሥራ ራሱ ነው፤ ማሳው፣ ገበያው፣ ውሃ መቅዳቱ፣ ወፍጮ ቤቱ። በክርስቲያኑ ዘንድ አራስነት በልማድ የሚዘልቀው ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሡ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ እናቲቱን እንደቀድሞዋ ይጠብቃታል። ሕጉ የሰጠው 90 ቀን ከልማዱ ብዙም አልራቀም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አንዲት መምህርት እንቅረብ። ስሟ አያስፈልግም፤ በደልጊም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ እንዲህ ያለች መምህርት አትጠፋም። ልጇ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ሆኖታል። ጠዋት አጥብታው፣ ጉርሻ እንኳ በወጉ ሳትቀምስ 2:30 ላይ ክፍል ትገባለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን በየሁለት፣ በየሦስት ሰዓቱ ይጠባል። 4:30 ላይ ጡቷ መወጠር ይጀምራል። 5 ሰዓት ሲሆን ይደድራል፤ ከጎረቤት ክፍል የልጅ ድምፅ ስትሰማ፣ ወይም የራሷን ልጅ ስታስበው ብቻ፣ ወተቱ ያለ ፈቃዷ ይወርዳል። ሸሚዟ ሲርስ ነጠላዋን ወደ ፊት ስባ ትሸፍነዋለች፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ታዞራለች፤ ከኋላዋ ስድሳ ተማሪ አለ። እረፍት ሲደወል የምትገባበት ክፍል የለም። የመምህራን ማረፊያው የወንዶችም ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቆልፏል። የቀረው ሽንት ቤት ነው፤ እዚያ ቆማ ለልጇ ምግብ የሚሆነውን ወተት አልባ መሬት ላይ ታፈሰዋለች። 6:30 ሲደወል በሩጫ ወደ ቤት፤ 7:30 ላይ ደግሞ መመለስ።

ይህ የሚያልፍ ምቾት ማጣት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ። ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው መጠን ነው። ሕፃኑ ሲስብ አንጎል ወተት የሚያመርተውንና ወተቱን የሚያወርደውን ሆርሞን ይለቅቃል፤ ጡቱ ሞልቶ ሲቆይ ደግሞ ሰውነት ይህ ሁሉ አላስፈለገም ብሎ ምርቱን ይቀንሳል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ሰዓት ሙሉ ጡቷ ሳይነካ የሚውል እናት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወተቷ ይቀንሳል። «ነጠፈብኝ» ትላለች። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል፣ አማት «ድሮም ደካማ ነሽ፣ አጥሚት አልጠጣሽም» ትላለች። ያነጠፈው የሥራ ሰዓት ድልድል መሆኑን የሚነግራት የለም። ሳይወጣ የቆየ ወተት ጡቷን አሳብጦና አቅልቶ በትኩሳት የሚያስተኛት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ከሥራ የምትቀረው በሕመም ፈቃድ ነው፣ ፈቃዱም ከመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ላይ ይቆረጣል።

ቤት ውስጥስ ምን ይሆናል? ልጁን የያዘችው አያት ወይም ከገጠር የመጣች የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ዘመድ ናት። ልጁ 4 ሰዓት ላይ ሲያለቅስ ምን ታድርግ? አያት ታባብላለች፣ ታዝላለች፣ በመጨረሻ «ኧረ ልጄ፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ አንድ ጊዜ ላቅምሰው» ብላ የላም ወተት በውሃ ታቀጥናለች፣ ወይም የአብሽ ውሃ ትሰጠዋለች። ለክፋት ብላ አይደለም። የእናት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ መሆኑን፣ በሞቃት ቀን እንኳ ለሕፃኑ ጥም የሚበቃ መሆኑን ብታውቅም፣ ጡቱ ራሱ በሌለበት ሰዓት ይህ ዕውቀት ምን ይፈይድላታል? ገንዘብ ያላት እናት የጣሳ ወተት ትገዛለች። በጣና ዳር ግን የጣሳ ወተት ዋጋው ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ከሐይቁ ወይም ከጉድጓድ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጡጦው በየጊዜው መቀቀል አለበት፤ ዱቄቱ እንዲበረክት ብላ የምታቀጥን ሞግዚት አለች። ተቅማጥ የሚገባው በዚህ በር ነው። የአማራ ክልል በልጆች መቀንጨር በአገሪቱ ከባሰባቸው ክልሎች አንዱ ሆኖ የኖረ ነው፤ በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የክልሉ ልጆች ከመቶ 46 የቀነጨሩ ነበሩ። የመቀንጨር መንስኤው ብዙ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ግን ይህ ያለ ጊዜው የሚሰጠው የቀጠነ ወተት ነው።

ወተቱን አልቦ ማስቀመጥ ይቻላል። በንጹሕ እጅ፣ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ የታለበ የእናት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲሰጥ በእሳት አይሞቅም፤ ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይለዝባል፣ በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ሲኒ ይጠጣል። መልካም ምክር ነው፣ ብዙ እናትም ታድጓል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን የጣና ዳር ቀን ከ25 ዲግሪ ያልፋል፣ ፍሪጅ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ያለውም መብራት ሲጠፋ ከተራ ሣጥን አይለይም። ደግሞም አያቶች የታለበ የሴት ወተት በሲኒ ማየት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ለደልጊ እናት ማለብ መደገፊያ እንጂ መፍትሔው ራሱ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሕጉን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድ ርዝመት ሲወሰን የሥራው ጠባይ፣ የእናቲቱ ጤንነት፣ የሕፃኑና የቤተሰቡ ደኅንነት ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። የሕፃኑ ደኅንነት ከተባለ፣ ለስድስት ወር ጡት ብቻ ይጥባ ብሎ የሚያስተምር መንግሥት ሦስት ወር ሲሰጥ የትኛውን ደኅንነት እንዳሰላ ሊጠየቅ ይገባል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ አዋጅ 1156 ለምታጠባ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት መሀል አንድም የማጥቢያ እረፍት አይሰጥም። የዓለም የሥራ ድርጅት በተመሠረተበት በ1919 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሦስተኛው ስምምነት ላይ የምታጠባ ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጣት ተጽፏል። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ደግሞ የማጥቢያው እረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ያዛል። ሩዋንዳ በሕጓ ለምታጠባ ሠራተኛ በቀን አንድ ሰዓት ትሰጣለች። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የጤና ሕጓ አሠሪዎች የማጥቢያ ክፍል እንዲያዘጋጁ አስገድዳለች። እነዚህ አገሮች ይህን ያደረጉት የተትረፈረፈ ሀብት ስላላቸው አይደለም።

በእኛ በኩል አዋጅ 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ በአዲስ አበባ አንዳንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ከፍተዋል። ለአዲስ አበባ ይህ ተገቢ ነው። ጠዋት ከአያት ሰፈር ወይም ከአስኮ ተነሥታ በታክሲ ሰልፍ ተሰልፋ መሀል ከተማ የምትደርስ እናት ልጇን ይዛ ካልመጣች በቀር በቀን መሀል ልታየው አትችልም። ደልጊ ግን እንደዚያ አይደለችም። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ከአብዛኛው ቤት የአሥር፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በአንድ ጊዜ የሚያጠቡ እናቶች ሁለት ወይም ሦስት ቢኖሩት ነው፤ ለእነሱ ሕንፃ፣ ሞግዚት፣ በጀት መጠየቅ ጥያቄውን ለዘለዓለም ማሳደር ነው። ለደልጊ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ጠዋት 4:30 ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት 9:30 ላይ አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ፤ ምሳ ሰዓት ሲጨመር ልጁ ሙሉ ቀን ከጡት አይርቅም። ይህ የአንድ ምስማር ወጪ እንኳ አያስወጣም። የሚጠይቀው መብት ሆኖ በጽሑፍ መስፈሩን ብቻ ነው።

መብት ሆኖ መጻፉ ላይ አጥብቄ መናገር የምፈልገው በምክንያት ነው። ዛሬም ደግ አለቃ ያላት እናት ትወጣለች። «ሂጂ፣ አጥቢና ነይ» ይላታል። አለቃው ሲቀየር፣ ወይም የሥራ ባልደረባዋ «እኛ እዚህ እንቃጠላለን» ብሎ ሲያጉረመርም ፈቃዱ ይተናል። በልመና የተገኘ ሰዓት እናቲቱን ባለዕዳ ያደርጋታል፤ የሥራ አፈጻጸም በሚሞላበት ጊዜም ዕዳው ከውጤቷ ላይ ይከፈላል። ክልሎች የራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሚያወጡ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት ይህን ለመምህራኑና ለጤና ባለሙያዎቹ ለመስጠት አዲስ አበባን መጠበቅ የለበትም።

ሰዓት የማይፈታው ችግር ያላቸውም አሉ። ቤቷ ደልጊ ሆኖ ምደባዋ ገጠር ቀበሌ የሆነ መምህርት፣ ለአንድ ጉዞ አንድ ሁለት ሰዓት በእግር የምትሄድ፣ በክረምት ወንዝ ሲሞላ የምታድር፣ ለእሷ የ4:30 እረፍት ትርጉም የለውም። እሷ የሚያስፈልጋት ልጇ ስድስት ወር እስኪሞላው፣ ቢቻል ዓመት እስኪሆነው፣ ወደ ቤቷ ቅርብ መመደብ ወይም ልጇንና ሞግዚቷን ይዛ የምታድርበት አንድ ክፍል በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ማግኘት ነው። በጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ለሆነችው አዋላጅ ነርስም እንደዚሁ። የሌላዋን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስትቀበል አድራ፣ ጠዋት የራሷን ልጅ በደረቀ ጡት የምትቀበል ሴት አለች። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ ለሁለት ቀን ሥልጠና ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር የተጠራች እናት መመለሻዋን እርግጠኛ ሆና መሄድ አትችልም። የምታጠባን ሴት በዚህ ጊዜ ለሥልጠና መጥራት ራሱ ቆም ተብሎ ሊታሰብበት ይገባል።

ተቃውሞው የታወቀ ነው። ፈቃድና እረፍት ከበዛ አሠሪው ሴት መቅጠር ይፈራል ይባላል። በግል ዘርፍ ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም፤ የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ በአሠሪው ትከሻ ላይ እስከቆየ ድረስ፣ አምስት ሠራተኛ ያላት ድርጅት ባለቤት ሲቀጥር ማስላቱ አይቀርም። ወጪው በማኅበራዊ ዋስትና መልክ በሁሉም አሠሪና ሠራተኛ መዋጮ የሚሸፈንበት መንገድ ካልተበጀ፣ ፈቃዱን ወደ ስድስት ወር ማራዘም ብቻውን ሴቶችን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው ቅድሚያውን ለማጥቢያ ሰዓት የምሰጠው። በደልጊ ደግሞ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ሴት መቅጠር እፈራለሁ ሊል አይችልም።

አሠሪ የሌላቸው እናቶች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ የጣቁሳ እናቶች አብዛኞቹም እነሱ ናቸው። ገበሬዋ፣ በገበያ ቀን በርበሬና ሽምብራ ዘርግታ የምትውለው፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጠው፣ የትኛውም አዋጅ አይደርስላቸውም። በአንድ ነገር ከደመወዝተኛዋ ይሻላሉ፦ ልጃቸውን በአንቀልባ አዝለው መሄድ ይችላሉ፣ ገበያ መሀልም ነጠላ ሸፍነው ሲያጠቡ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ይህ ብዙ አገር ሊያገኘው ያልቻለ ነፃነት ነውና በዘመናዊነት ስም እንዳይሸረሸር መጠንቀቅ ያሻል። አረም ላይ ግን አንቀልባው አይሆንም፤ ጎንበስ ብላ ሙሉ ቀን ልጅ አዝላ ማረም አትችልም፣ ዛፍ ሥር ብታስተኛውም ፀሐይና ትንኝ አለ፤ ወባም የአካባቢው ዋና በሽታ ነው። ስለዚህ ልጁ ቤት ይቀራል፣ ቀጭን ወተት ይጠጣል።

ለእነዚህ እናቶች ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል ካለ የሴፍቲኔትን ልምድ ይመልከት። በክልሉ ምግብ ዋስትና ባልተረጋገጠባቸው ወረዳዎች የሚሠራው ይህ ፕሮግራም፣ በማኅበረሰብ ሥራ የምትሳተፍ ሴት ስታረግዝ ከድንጋይ ተሸካሚነት አውጥቶ ልጇ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለ ሥራ ክፍያዋን እንድታገኝ ይፈቅዳል። መርሑ በዚህች አገር ተቀባይነት አግኝቶ በመመሪያ ሰፍሯል ማለት ነው። ለድሃዋ የገጠር ሴት አንድ ዓመት ተገቢ ነው ብሎ ያመነ መንግሥት፣ ለራሱ መምህርት ሦስት ወር ይበቃል ማለቱ በምን እንደሚታረቅ አላውቅም። በጣቁሳ ሴፍቲኔት ባይኖርም ወንፈል አለ፣ ደቦ አለ። በአረም ወቅት የአራስ ቤት ማሳ ቀድሞ እንዲታረም ቀበሌና ሰበካ ጉባኤ ቢያስተባብሩ፣ ባሎችም ለሁለት ወር ያህል የውሃውንና የወፍጮውን ጉዞ ቢወስዱ፣ የእናቲቱ ቀን ቢያንስ በግማሽ ይለቀቃል። ለሕዝቡ ስለ ጡት ወተት ጥቅም ለመቶኛ ጊዜ ከመናገር ይህን መናገር ይሻላል፤ ንግግሩም ለወንዶች ይሁን።

ለመምህራኑ ደግሞ አዋጅ ሳይጠበቅ የሚጀመር ነገር አለ። የትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድል የሚወጣው በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ማን ጠዋት፣ ማን ከሰዓት እንደሚገባ የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው። ርዕሰ መምህሩ ድልድሉን ከማጽደቁ በፊት በመምህራኑ መካከል ከስድስት ወር በታች ልጅ ያላት ማን እንደሆነች ቢጠይቅ፣ ለእሷ አንድ ፈረቃ ብቻ ወይም በመሀል ክፍት ክፍለ ጊዜ ቢተውላት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱንም ቁልፍ ቢሰጣት፣ ለዚህ የማንንም ፊርማ መጠየቅ አያስፈልገውም።